እግዚአብሔር ለአራዊት የዘረጋው ማዕድ

ንባብ፦ መዝሙር 104፥10–30 (በግዕዙ አቆጣጠር 103)፤ ኢዮብ ምዕራፍ 38 እና 39፤ ሮሜ 8፥18–23



ይህን ቃል የምንጽፍላችሁ ከጁባ፥ ጀበል ከሚባለው ሠፈር ነው። ጀበል በዐረብኛ ተራራ ማለት ነው፤ ሠፈሩም ስሙን ያገኘው ከከተማው በስተምዕራብ ከቆመው፥ ጀበል ኩጁር ከሚባለው ድንጋያማ ኮረብታ ነው። በዚያ ኮረብታ ሥር ድሆች ሴቶች ልጆቻቸውን በአጠገባቸው አስቀምጠው በመዶሻ ድንጋይ ይሰብራሉ፤ ጠጠሩንም ሸጠው የዕለት እንጀራቸውን ያገኛሉ። ከከተማው በስተምሥራቅ ደግሞ ነጭ ዓባይ ይወርዳል፤ በዚህ ስፍራ ባሕር ኤል ጀበል ይባላል፥ የተራራው ወንዝ ማለት ነው። ከአገራችን የመጡ ብዙ ነጋዴዎች፥ ሾፌሮችና የምግብ ቤት ባለቤቶች በዚህ ከተማ ይኖራሉ፤ እኛም በመካከላቸው እንኖራለን፥ አብረናቸውም እንጸልያለን።

ከእነዚህ ወገኖቻችን መካከል አንድ ጥያቄ ተነሣ። በየዓመቱ ባለጠጎች ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ፥ ከኡሽዋያ ወደብ፥ በመርከብ ተነሥተው በማዕበል መካከል ብዙ ቀን ይጓዛሉ። ከሚደርሱባቸው ስፍራዎች አንዲቱ ደቡብ ጆርጂያ የምትባል ደሴት ናት። በዚያች ደሴት የአውሮፕላን ማረፊያ የለም፤ እርሻም ገበያም የለም፤ በመርከብ ካልሆነ በቀር የሚደርስባት የለም። ተሳፋሪዎቹ የሚከፍሉት ገንዘብ ለአንድ ድሃ ቤተ ሰብ የዓመታት ቀለብ በሆነ ነበር። የሚሄዱትም ለንግድ አይደለም፥ ለጦርነትም አይደለም። መብረር የማይችለውን የባሕር ወፍ ፔንግዊንን፥ ክንፉ ሲዘረጋ ከሦስት ሜትር የሚያልፈውን አልባትሮስን፥ የባሕር ዝሆን የሚባለውንም ግዙፍ እንስሳ አይተው ለመመለስ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ አራዊትን መመልከት ለክርስቲያን ምን ይረባዋል? ሰው እየተራበ፥ እናቶች በጀበል ሥር ድንጋይ እየሰበሩ፥ ስለ ሚዳቋና ስለ ወፍ መናገር ይገባልን? ወይስ ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ብቻ ነው? ጥያቄው ከፌዝ የመጣ አይደለምና በፌዝ አንመልሰውም። ከእግዚአብሔር ቃል በሦስት ክፍል እንመልሳለን።

አንደኛ፤ መመልከት እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘው ሥራ ነው።

ኢዮብ ልጆቹን ቀብሮ፥ ሥጋው ቈስሎ፥ በዐመድ ላይ ተቀምጦ ሳለ እግዚአብሔርን ጠየቀ። ከእርሱ የሚብስ ችግረኛ ማን ነበረ? እግዚአብሔር ግን ሲመልስለት ስለ ችግሩ ምክንያት አንዲት ቃል አልተናገረም። በዚያ ፈንታ በቃሉ እየመራ ወደ ምድረ በዳ አወጣው፤ ግልገሎችዋን የምትመግበውን አንበሳ፥ ጫጩቶቹ የሚጮኹበትን ቍራ፥ በገደል ላይ የምትወልደውን የበረሃ ፍየል፥ ቀንበር የማያውቀውን የሜዳ አህያ፥ ሰጎንንና ንስርን፥ በኋላም ጉማሬን አሳየው። ከእነዚህ መካከል ለኢዮብ የሚያርስለት ወይም የሚታለብለት አንድ ስንኳ አልነበረም። እኛ ገበሬዎችና የገበሬ ልጆች እንስሳን ስናይ አስቀድመን የምንጠይቀው “ለምን ይጠቅማል?” ብለን ነው። እግዚአብሔር ግን ለሰው ምንም የማይጠቅመውን ፍጥረት በደስታ እየቈጠረ ለተጨነቀው ሰው አሳየው። ኢዮብም በዚያ ትምህርት ተጽናና። ስለዚህ መመልከት የጠገበ ሰው ጨዋታ ብቻ ነው የሚል፥ ኢዮብን ያስታውስ።

መዝሙረኛውም እንዲሁ ያስተምረናል። ምንጮች በሸለቆ የሚፈሱት ለአህያውም ለወፉም እንደ ሆነ፥ ረጃጅሙ ተራራ ለዋልያዎች እንደ ተሰጠ፥ ሌሊቱ ለአንበሳ ቀኑም ለሰው ሥራ እንደ ተከፈለ ይናገራል። በዚህ መዝሙር ውስጥ ሰው አለ፤ ነገር ግን በብዙ እንግዶች መካከል የተቀመጠ አንድ እንግዳ ሆኖ ነው። የማዕዱ ጌታ ሌላ ነው።

ማርቲን ሉተር በ1529 ባወጣው በትንሹ ካቴኪዝም ይህንኑ አስተማረን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) የሃይማኖትን የመጀመሪያ አንቀጽ ሲተረጕም፥ እግዚአብሔር እኔን ፈጠረ ብሎ አላበቃም፤ ከፍጥረት ሁሉ ጋር አብሮ እንደ ፈጠረኝ እንድንናዘዝ አደረገ። ከዚህም በላይ በካቴኪዝሙ ውስጥ ለቤተ ሰብ የሰጠው የማዕድ ጸሎት የተወሰደው ከመዝሙር 145 ነው፤ በዚያ ስፍራም ሕያዋን ሁሉ ምግባቸውን ከአንድ እጅ እንደሚጠብቁ ተጽፎአል። እንግዲህ የሉተርን ጸሎት ጸልዮ እንጀራ የሚቈርስ ቤተ ሰብ፥ ቢያስተውለውም ባያስተውለውም፥ ከቍራው፥ ከሚዳቋዋና ከዓሣው ጋር በአንድ ገበታ መቀመጡን ይመሰክራል።

ያችን ሩቅ ደሴት አስቡ። ጄምስ ኩክ የሚባለው መርከበኛ በ1775 እስኪያርፍባት ድረስ ሰው እንደ ረገጣት የሚታወቅ ነገር የለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ንጉሥ ፔንግዊን የሚባለው ወፍ ጎጆ ሳይሠራ እንቍላሉን በእግሮቹ ላይ አስቀምጦ፥ በሆዱም ቆዳ ሸፍኖ፥ በበረዶ ነፋስ መካከል ቆሞ ይታቀፍ ነበር። ወላጁ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ሄዶ ሲመለስ በብዙ ሺህ ጫጩቶች መካከል የራሱን ልጅ በድምፅዋ ለይቶ ያገኛታል። አልባትሮስም አንድ እንቍላል ብቻ ጥሎ አንዱን ጫጩት ለማሳደግ ዓመት ያህል ይደክማል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው አልነበረም፤ ያመሰገነም ጸሐፊ አልነበረም። እግዚአብሔር ግን ያይ ነበር፤ ያም በቂ ነበር። የፍጥረት ዋጋ ከእኛ ዓይን የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ያች ደሴት እስከ 1775 ድረስ ከንቱ በሆነች ነበር።

ደግሞም ለዚህ ትምህርት እስከ ኡሽዋያ መሄድ አያስፈልገንም። ከጁባ በስተምሥራቅና በሰሜን ምሥራቅ የባንዲንጊሎ ብሔራዊ ፓርክ ይዘረጋል፤ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ሲቀርቡ የቦማ ፓርክ አለ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ደግሞ የጋምቤላ ፓርካችን ነው። በዚህ ሰፊ ሜዳ ነጭ ጆሮ ቆርኬ፥ ቲያንግ፥ የሞንጋላ ሚዳቋና ቦሆር ዝናብንና ሣርን ተከትለው በየዓመቱ ይጓዛሉ። በ2023 ከአውሮፕላን ተቈጥረው በ2024 ይፋ በሆነው ቍጥር መሠረት ስድስት ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ ከእነርሱም አምስት ሚሊዮን የሚሆነው ነጭ ጆሮ ቆርኬ ነው። በምድር ላይ ከሚታወቀው የዱር እንስሳት ጉዞ ሁሉ ይህ ይበልጣል ተብሎአል። ከጁባ በስተሰሜንም ወንዙ ወደ ታላቁ የሱድ ረግረግ ይገባል፤ በዚያም ምንቃሩ እንደ ጫማ የሰፋ ትልቅ ወፍ በዝምታ ቆሞ ዓሣ ይጠብቃል። የዓለም ባለጠጋ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚሻውን እግዚአብሔር በጎረቤታችን ሜዳ አኖረ፤ እኛ ግን አብዛኞቻችን ቀና ብለን አላየንም።

ሁለተኛ፤ የሚመለከት ሰው ይከሰሳል።

መርከበኞቹ በደቡብ ጆርጂያ ሲያርፉ ወፎችን ብቻ አያዩም። ግሪትቪከን በሚባል ወደብ የዛጉ ትላልቅ ጋኖችና የፈራረሰ ፋብሪካ ያያሉ፤ በአጠገቡም ነጭ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ያያሉ። ይህ ቤተ ክርስቲያን የእኛው ነው፤ የኖርዌይ ሉተራውያን ናቸው የሠሩት። እንጨቱ በኖርዌይ ተዘጋጅቶ በመርከብ ተወሰደ፤ በ1913 በልደት በዓል ተባረከ። ዛሬም ደወሎቹ አሉ።

ፋብሪካውን በ1904 ያቆመው ካርል አንቶን ላርሰን የሚባል የኖርዌይ ሰው ነው። ሥራውም ዓሣ አንበሪን ገድሎ፥ ስቡን ቀቅሎ፥ ዘይቱን መሸጥ ነበር። ዘይቱ ሳሙናና ማርጋሪን ሆኖ በብዙ አገር ተሸጠ። እስከ 1965 ድረስ በዚያች ደሴት ብቻ 175 000 ያህል ዓሣ አንበሪዎች ታረዱ። ወገኖች ሆይ፥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 1፥21 ከእንስሳት ሁሉ አስቀድሞ በስሙ ተለይቶ እንደ ተፈጠረ የተጻፈው ታላቁ አንበሪ ነው። እግዚአብሔር አስቀድሞ የባረከውን ሰው ሊያጠፋው ጥቂት ቀረው። በእሑድ ቀን ደወሉ ተደወለ፤ ሰዎቹም አባት ሁሉን የሚችል፥ ሰማይንና ምድርን የፈጠረ ብለው ሃይማኖታቸውን ተናዘዙ፤ ሰኞ ግን ባሕሩ ጌታ የሌለው ይመስል ወደ እርድ ተመለሱ።

በእነርሱ ላይ ለመፍረድ ይህን አንጽፍም። ልጆቻቸውን ለመመገብ ከቤታቸው ርቀው የደከሙ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያችው ከኖርዌይም በ1948 መልእክተኞች ወንጌልን ይዘው ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ ውለታቸው በብዙ ማኅበር ይታወቃል። የምንለው ይህን ነው፦ ቤተ ክርስቲያን በእርድ ፋብሪካ አጠገብ ቆማ፥ ስለ ፋብሪካው ምንም ሳትሰማ፥ መዝሙሯን ልትዘምር ትችላለች። ሃይማኖትን የሚከፍል ግድግዳ ከድንጋይ የተሠራ አይደለም፤ በልብ ውስጥ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ጁባ እንመለስ። ከ1983 እስከ 2005 ድረስ በዚህ አገር ታላቅ ጦርነት ነበረ። ብዙዎች አራዊቱ ሁሉ አልቀዋል ብለው ነበር። ነገር ግን በ2007 ከአውሮፕላን ሲፈለጉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ። መንገድ በሌለበት ረግረግና ሜዳ እግዚአብሔር ሰውሮ ጠብቆአቸው ነበር። ይሁን እንጂ ከሚጓዙት በቀር ያሉት፥ በአንድ ስፍራ የሚኖሩት ዝሆን፥ ቀጭኔ፥ ጎሽና የሜዳ አህያ፥ ከ1980ዎቹ ወዲህ እጅግ አንሰዋል። ለሚጓዙትም አዲስ አደጋ መጣ። ከጦርነት በኋላ መንገድ ተሠራ፤ ሞተር ብስክሌት በዛ፤ የጦር መሣሪያውም በሰው እጅ ቀረ፤ በከተማ ገበያ ተገኘ። ሥጋው በጢስ ደርቆ፥ በሞተርና በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ ይመጣል። አንድ ሰው ጦር ይዞ ለልጆቹ የሚያድነው ሌላ ነው፤ አባቶቹም እንዲሁ ኖረዋል፥ መንጋውም አላለቀም። ለትርፍ በመሣሪያ የሚገደለውና በጭነት የሚሸጠው ግን ሌላ ነው።

ይህን ነገር በልባችሁ አኑሩት፦ ጦርነት ያልጨረሰውን ሰላም እንዳይጨርሰው ያስፈራል። ይህም የሚዳቋ ነገር ብቻ አይደለም፤ የነፍሳችን ታሪክ ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 ሙሴ ሕዝቡን ያስጠነቀቀው ስለ ረሀባቸው ዘመን አልነበረም፤ ከጠገቡ፥ መልካም ቤት ከሠሩ፥ መንጋቸው ከበዛ በኋላ እግዚአብሔርን እንዳይረሱ ነበር። በስደት ሳለን የምንጸልይ ብዙዎች ነን፤ ሱቃችን ሲሰፋ የምንጸልይ ግን ጥቂቶች ነን። በመከራ ጊዜ ጌታ የጠበቀልንን በምቾት ጊዜ በገዛ እጃችን እናጠፋለን።

እንግዲህ የምግብ ቤት ባለቤት የሆንህ ወንድማችን ሆይ፥ ከገበያ ያመጣኸው ሥጋ ከየት እንደ መጣ ጠይቀህ ታውቃለህን? መኪና የምትነዳ ወንድማችን ሆይ፥ ከሸራው በታች የጫንኸውን እግዚአብሔር አያየውምን? “ሁሉ ያደርገዋል” ማለት በፍርድ ቀን መልስ አይሆንም። በዘዳግም 22፥6–7 እግዚአብሔር በመንገድ ዳር ስለ ተገኘች ጎጆ ሕግ ሰጠ፤ ጫጩቶቹን የሚወስድ ሰው እናቲቱን እንዲለቅ አዘዘ። ሰማይንና ምድርን የሚገዛ አምላክ ስለ አንዲት ወፍ ጎጆ ሕግ ከጻፈ፥ ስለ ስድስት ሚሊዮን ነፍስ ዝም ይላልን?

ለጠየቁንም ወገኖች እንመልስ። የተራበውን ሰው ትቶ ስለ አራዊት ብቻ የሚያለቅስ ሰው ልቡ ትክክል አይደለም። ጌታ ስለ ድንቢጦች በተናገረበት በማቴዎስ ምዕራፍ 10 ሰው ከብዙ ድንቢጦች እንደሚበልጥ በግልጽ ተናግሮአል። ስለዚህ ድንጋይ የምትሰብረው እናት ከሁሉ ትቅደም። ነገር ግን ጌታ ሰው ይበልጣል ሲል፥ ድንቢጥዋ የተረሳች ናት አላለም፤ ሳይረሳት ነው ያነጻጸራት። በዮናስ መጽሐፍ መጨረሻም እግዚአብሔር ለነነዌ ሲራራ ከመቶ ሀያ ሺህ የሚበልጡትን ሰዎች ቈጥሮ ሲያበቃ ስለ ብዙ እንስሳትም ተናገረ። በእግዚአብሔር ልብ ውስጥ ሁለቱ አይጣሉም። ሚዳቋይቱን ለትርፍ የሚጨርስ እጅ ድሃይቱንም አይራራላትም፤ መንጋው ባለቀ ጊዜ አስቀድሞ የሚራበው በሜዳው ያለው ድሃ ነውና።

ሦስተኛ፤ መመልከት ወደ ክርስቶስ ያደርሰናል።

ከመከሰስ በላይ ሌላ ነገር ባይኖረን ይህን ስብከት ባልጻፍነው ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 8 ፍጥረት ሁሉ እንደምትወልድ ሴት እንደሚቃትት፥ ነገር ግን በተስፋ እንደሚቃትት ይናገራል። ምጥ የሞት ጩኸት አይደለም፤ ሊወለድ ያለ ነገር አለ። በቆላስይስ 1፥20 ደግሞ እግዚአብሔር በክርስቶስ የመስቀል ደም ሰላምን አድርጎ ሁሉን ከራሱ ጋር እንዳስታረቀ እናነባለን። ማርቆስም በወንጌሉ መጀመሪያ ጌታችን በምድረ በዳ ሲፈተን ከአራዊት ጋር እንደ ነበረ ይመሰክራል። አዳም በገነት ከአራዊት ጋር ሳለ ወደቀ፤ ሁለተኛው አዳም በበረሃ ከአራዊት ጋር ሳለ ድል ነሣ።

በግሪትቪከን ውኃ ዛሬ የሚያርድ የለም። በ1982 አገሮች ተሰብስበው ለንግድ የሚደረገው የዓሣ አንበሪ አደን እንዲቆም ተስማሙ፥ ከ1986 ጀምሮም ጸና፤ በቅርብ ዓመታትም አንበሪዎች ወደ ደቡብ ጆርጂያ ዳርቻ ሲመለሱ ታዩ። ደግሞ ከጥንት መርከቦች ጋር ተሸሽገው የገቡ አይጦች በደሴቲቱ የወፎችን እንቍላልና ጫጩት ይበሉ ነበር፤ ብዙ ዓመት ከተደከመ በኋላ በ2018 ደሴቲቱ ከአይጥ ነጻ መሆንዋ ተነገረ፥ ትናንሽ ወፎችም ተመለሱ። ይህ ራሱ ወንጌል አይደለም፤ የሰው ሥራ ነው፥ በሰው ቸልተኝነትም ሊፈርስ ይችላል። ምልክት ግን ነው። አጥፊ እጅ ሊመለስ እንደሚችል፥ ትዕግሥተኛው ፈጣሪም በሩን እንዳልዘጋ ያሳያል። ለነፍስህ የሚበቃው ግን የክርስቶስ ደም ብቻ ነው። በስውር የተሸከምነውን አይጥ፥ ማለት የተሸሸገውን ኃጢአታችንን፥ ከሥሩ የሚነቅል ሌላ የለም። ስለ ወሰድነው ትርፍ፥ ስለ ዘጋነው ዓይናችን፥ ሰኞን ከእሑድ ስለ ለየንበት ልብ ሁሉ ይቅርታ በእርሱ አለ። ና፥ ተቀበለው፤ ከተቀበልኸውም በኋላ እንደ ቀድሞው አትኑር።

እንግዲህ ይቅር የተባልን ሰዎች እንዴት እንመላለስ? ወደዚያች ደሴት የሚወርዱ ተሳፋሪዎች ከመርከብ ሳይወጡ ጫማቸውን ያጥባሉ፤ የእንግዳ ሣር ዘር እንዳይኖርበት ኪሳቸውንና የልብሳቸውን ስፌት ይመረምራሉ፤ ከእንስሳቱም ርቀው ይቆማሉ። ሙሴ በቍጥቋጦው ፊት ጫማውን ማውለቁን ይህ ያሳስበናል። እነዚህ ሰዎች ለወፍ ብለው ጫማቸውን ከመረመሩ፥ እኛ ለእግዚአብሔር ብለን እጃችንን አንመርምርምን?

የምትነግዱ ሆይ፥ ለትርፍ የታረደውን የዱር ሥጋ አትግዙ፥ አትሽጡ፥ አትጫኑ፤ ትርፉ ቢቀንስ ጌታ ይተካዋል። በደጋ ያላችሁ ሆይ፥ በመንዝ ጓሳ አባቶቻችን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት እየዘጉ፥ በጊዜው እየከፈቱ ለብዙ ዘመን እንደ ጠበቁት አስታውሱ፤ በዚያም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ ይኖራሉ። ራስን መግዛት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ወላጆች ሆይ፥ ከእሑድ ጸሎት በኋላ ልጆቻችሁን ወደ ደጅ አውጡአቸው፤ የአንዱን ወፍ ስም፥ የአንዱን ዛፍ ስም አስተምሩአቸውና ፈጣሪውን አብራችሁ አመስግኑ። ገንዘብ አይጠይቅም፥ መርከብም አያስፈልገውም። ከእናንተም መካከል እግዚአብሔር ሀብት ሰጥቶት ሩቅ አገር አይቶ ለሚመለስ፥ በደስታ ይሂድ፤ ነገር ግን ያየውን ያህል ለድሃው ያስብ፥ የሩቁን አድንቆ የቅርቡን አይናቅ።

የማዕዱ ጌታ ሁላችንን በአንድ ገበታ አስቀምጦናል። ከገበታው ሌላውን ገፍቶ የሚበላ ልጅ አባቱን ያሳዝናል፤ አመስግኖ የሚቈርስ ግን አባቱን ደስ ያሰኛል።

እንጸልይ፦ ሁሉን የምትመግብ አባት ሆይ፥ ሰው ባላየበት ደሴት ለወፍ ጫጩት እንዳሰብህ፥ በጀበል ሥር ለምትደክመውም እናት አስብ። የዘጋነውን ዓይን ክፈትልን፤ በትርፍ የረከሰውን እጃችንን በልጅህ ደም አንጻልን። በሱዳን ሜዳና በኢትዮጵያ ተራራ ለሚኖሩት ሁሉ ሰላምን ስጥ፤ ሰላሙንም እንዳናባክነው ጠብቀን። ፍጥረት የሚቃትትበት ምጥ አልቆ የልጆችህ ክብር እስኪገለጥ ድረስ ታማኞች መጋቢዎች አድርገን፤ በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።